ድንጋይ አይደርስበትም የተባለው ውሃ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ሰይዶ አወል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የበርበሬ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ ቡታጅራ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ታኅሣሥ 27 ቀን 1966 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የጀማሉ ሰይዶ አሟሟት

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር በቁርአን ምዬ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። ሟች ጀማሉ ሰይዶ የበኩር ልጄ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ እያጠበ ሲኖር፣ እዚያ ከሚዋኝ አንድ ፈረንጅ ዋና ተምሮ አስተማሪውን በለጠው። በዚህም ምክንያት የአፍሪካ አገሮች ካይሮ ላይ ለሚያደርጉት የዋና ውድድር ከታጩት አንዱ ሆነ። መጀመሪያ ሲነግረኝ አልወደድኩለትም። የእኛ ሰው ልጁን አዲስ አበባ የሚልከው ሱቅ እንዲከፍት እንጂ ውሃ ውስጥ እንዲንቦራጨቅ አይደለም።

ሟች ታኅሣሥ 23 ቀን በአውቶቡስ መጥቶ ቤቴ ገባ። የመጣው አረፋን ከእኛ ጋር አክብሮ፣ እናቱ ዘይባና እኔ መርቀነው ወደ ግብፅ ለመሄድ ነበር። በበዓሉ ቀን የሰፈሩ ሰው እየመጣ ስለ ውድድሩ ጠየቀው። ከተማችን የሚዋኝበት ውሃ ስለሌለ ያመነው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ግብፆች ዓባይ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ አንተ በየትኛው ውሃ አድገህ ነው፣ እያሉ ቀለዱበት። እሱም ስቆ "እንግዲያው ነገ ሀረ ሸይጣን ኑና እዩኝ" አላቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ሀረ ሸይጣን የሸይጣን ሐይቅ ማለት ነው፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ዙሪያውን ገደል የሆነ ሐይቅ ነው። በአረፋ ጊዜ ወጣቱ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ውሃው ድንጋይ ይወረውራል። ውሃው እግር ሥር ያለ ይመስላል፤ ድንጋዩ ግን ሲደርስበት አይታይም። ሸይጣኑ በእጁ ይቀልበዋል ይባላል። አባቴም ወርውሯል፣ እኔም በልጅነቴ ወርውሬአለሁ፤ የደረሰለት ሰው አላውቅም።

ታኅሣሥ 26 ቀን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብዙ ሆነን ወደ ሐይቁ ሄድን። ጀማሉ ገደሉን በምታወርደው ቀጭን መንገድ ብቻውን ወረደ። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሐይቁን አቋርጦ ተሻገረ፣ ሳያርፍም ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ውሃ ለሰው እንዲያ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ ለቆመው ሁሉ ልጄ ነው፣ ልጄ ነው እል ነበር፤ የምነግራቸው ግን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቁት ጎረቤቶቼ ናቸው።

በዚህ መካከል ወጣቶቹ ድንጋይ መወርወራቸውን አልተውም። ታች ሰው እያለ ለምን ዝም አላችሁ ተብዬ ስጠየቅ፣ ድንጋይ አይደርስም ብለን ስለምናምን ነው እላለሁ። ይህ ለእንግዳ ሰው ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከአባቶቻችን የሰማነው፣ በዓይናችንም ያየነው ይህንኑ ስለሆነ አንዳችንም አላሰብነውም።

ጀማሉ ዋናውን ጨርሶ ከውሃው ዳር ሸሚዙን ሲለብስ፣ ተጠርጣሪው ሀብተጊዮርጊስ ወልደማርያም ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ እንደሌላው ሁሉ ገደሉ ወገብ ላይ ቀረ። ነገር ግን እዚያ የነበረ ትልቅ ድንጋይ በምቱ ተነቅሎ ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። ሁላችንም ጮኽን። ልጄ ጩኸቱ የአድናቆት መስሎት እጁን አነሣልን። ድንጋዩ ጭንቅላቱን መትቶ ውሃው ውስጥ ጣለው።

ሸይጣኑ ተቆጥቷል ተብሎ ማንም ለመውረድ አልደፈረም። እኔም አፋፉ ላይ ቆሜ ስሙን ስጠራ ቀረሁ። የወረደው ሀብተጊዮርጊስ ብቻ ነው። ዋና አይችልም። እስከ አንገቱ ገብቶ ልጄን ጎትቶ አወጣው፤ አዝሎትም ገደሉን ወጣ። ፊቴ ሲያወርደው "ጋሼ ሰይዶ፣ አይደርስም እኮ" አለኝ። ልጄ ሕይወቱ አልፎ ስለነበር በዚያው ቀን ቀበርነው።

በሟችና በተጠርጣሪው መካከል ጠብ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አልነበረም እላለሁ። ሀብተጊዮርጊስ የጎረቤቴ የአቶ ወልደማርያም ልጅ ነው። መስቀልን እነሱ ቤት፣ አረፋን እኛ ቤት እያሉ አንድ ላይ ያደጉ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ፣ ክርስቲያኑ ቀንቶበት ሆን ብሎ ገደለው፣ ሲል ቃል መስጠቱ ተነግሮኛል። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ለንግድ እንሴኖ ከተማ ሄዶ ነበር፤ የመሰከረው ያላየውን ነው። ሐዘን ስላናገረው አልፈርድበትም። እኔም የምጠላው ሰው ስፈልግ አድሬአለሁ፤ አላገኘሁም።

ክስ ትመሠርታለህ ወይ ለተባልኩት፣ አልመሠርትም። ድንጋይ መወርወር ወንጀል ከሆነ ያን ቀን አፋፉ ላይ የነበርነው ሁላችንም እንታሰር። አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ፤ ሌላውን በእኔ ቃል እስር ቤት አላስቀብርም።

አንድ ነገር እለምናለሁ። ባለቤቴ ዘይባ ከለቅሶው መሐል ተነሥታ ለሀብተጊዮርጊስ ስንቅ ሠርታ በእኔ እጅ ልካለች። የበሩ ዘበኛ፣ ከሟች ቤት የመጣ ምግብ ለእስረኛ አይገባም፣ ብሎ አስቀርቶታል። ቆጮና ጎመን ነው። የምትጠራጠሩ ከሆነ ፊታችሁ ቀምሼ እሰጣለሁ። እነሱ የገና ጾም ላይ ስለሆኑ ቅቤ አላስገባችበትም።

ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ተነቦልኝ፣ ያልኩት ሳይጎድል ያላልኩት ሳይጨመር መስፈሩን ሰምቻለሁ። እውነት ስለመሆኑም የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

የምስክሩ አሻራ፦ አቶ ሰይዶ አወል

ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ገብረእግዚአብሔር ተሰማ (ፊርማ)

ማሳሰቢያ፦ ስንቁ ሳይቀመስ ለእስረኛው ገብቷል።