ከነዋሪዎች ግሩፕ ስለተሰረዘው የጋዝ ማስጠንቀቂያ

የምስክሯ ማንነት፦ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣ በሙያዋ ልብስ ሰፊ
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ፣ 2ኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 13 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡30

የነዋሪዎቹን የስልክ ግሩፕ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር በማሽን የተጻፉ የማጭበርበሪያ መልእክቶች ስለበዙብን፣ ድርብ ሰረዝና ረጅም ሰረዝ እየደረደረ የሚጽፍ ሰው አይደለም ተባብለን፣ እንዲህ ያለውን እንድሰርዝ ተስማማን። በእኛ ግሩፕ እንኳን ድርብ ሰረዝ አራት ነጥብም የሚያስቀምጥ የለም።

ኅዳር 11 ቀን ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ከማላውቀው ቁጥር «የተከበራችሁ ጎረቤቶች፦ በደረጃው ላይ የጋዝ ሽታ አለ፤ እሳት አትለኩሱ፤ ማብሪያ አትንኩ — ወደ ውጭ ውጡ።» የሚል መልእክት ገባ። ሳቄ መጣ። «ይቺንስ ማሽን ነው የጻፋት» ብዬ በግሩፑ ላይ አሾፍኩና ሰረዝኩት። ስድስት ሰው ሳቀልኝ። 4፡14 ላይ ያንኑ ደግሞ ሲልክ ቁጥሩን አገድኩት። ሽታው እንዴት አልሸተተሽም ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

4፡20 ገደማ ካውያዬን ልሰካ ስል በሬ ተንኳኳ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ደረጃው ላይ የምለጥፈውን ማስታወቂያ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ ስለሚያናድዱኝ በሆዴ «ደግሞ መጡ» አልኩ። እሳቸው ግን ትንፋሽ እያጠራቸው «ልጄ፣ እሱን ተዪና ውጪ፣ ጋዝ አለ! በአዲሱ ቁጥሬ ብጽፍ ብጽፍ እምቢ አለኝ። እኔና ስልክ መቼም አንግባባም» አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ስልኩ በእጄ ነበር፤ መልእክቱን ራሴ ብለጥፈው ሃያ አራቱም ቤት ባንዴ ያየው ነበር። አፈርኩ። ያሾፍኩት በእሳቸው ላይ መሆኑ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ታች ወረድኩ። እሳቸው በየበሩ እያንኳኩ ወደ ላይ ወጡ። 4፡31 ላይ ሦስተኛው ፎቅ ፈነዳ።

የሌሎቹ ጉዳት ቀላል ነው። እሳቸው እስካሁን አልነቁም። ትናንት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ሴት ልጃቸው «ይሄ ግትር አባቴ፣ በዚህ ጉልበቱ ደረጃ ከሚወጣ መልእክት ቢልክ ምን ነበረበት?» እያለች ታለቅስ ነበር። አቅፌ አባበልኳት እንጂ ሁለት ጊዜ ልከው እንደነበር አልነገርኳትም።

ቃሌ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት መጻፉንና እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። እኔ መንገር ስላልቻልኩ ለልጃቸው እንዲነበብላት እጠይቃለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________