ምሳው ከየት መጣ

ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ተማሪ ልብ ወለድ ታነባለች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ጠየቋት።

«ስለ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ስለ አንድ ገበሬ ነው እማማ። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል።»

«ሚስት የለችውም?»

«አለች። ምሳ ይዛለት ትመጣለች።»

«ምን ምሳ?»

«ቆጮ በጎመን።»

«እንሰቱን ማን ፋቀው?»

ልጅቷ ገጹን መለስ ብላ አየች። «እሱን አይልም።»

«የጻፈው ወንድ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ በምን ይወቅ! እኛ ሴቶች ስንፍቅ ወንድ እንሰቱ መሀል አይገባም።»

«እንግዲህ ገበሬዋ እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«መታወቂያዬ ግን የቤት እመቤት ነው የሚለው።»

«አሁንም ወንድ አይገባም እማማ?»

«ድሮ ባሌም ልጄም ብቅ ሲሉ ‹ወግዱ!› ብዬ አባርራቸው ነበር። አሁን ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እኔ እንሰቱ መሀል ብቻዬን ስፍቅ እውላለሁ፤ የማባርረው ሰው የለኝም።»

መውረጃዬ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።