አንድ ድምፅ ብቻ የሚያውቀው ሾፌር

ክቡራትና ክቡራን! ክቡር የቢሮ ኃላፊያችን አቶ ኦሊያድ! ስለ ድግሱም ስለ ካፖርቱም እግዜር ይስጥልኝ። በአሶሳ ሙቀት ለጡረተኛ ካፖርት የሚሸልም ቢሮ ግን የት አገር አለ? ቀልጦ ይገላግለን ብላችሁ ነው አይደል?

እንደምታውቁት ሥራዬ የባህል ቡድኑን በመኪና ማመላለስ ነበር። ካማሺ ለትርኢት የሄድን ዕለት ግን አንዱ ዙምባራ ነፊ ማንጎ በልቶ በልቶ ሆዱን ይዞ ተኛ። የቡድኑ መሪ ሙንታሲር ያንን ረጅም የቅል መለከት አስታቀፈኝ።

"ኧረ እኔ አልችልም!"

"ቀኑን ሙሉ ክላክስ ታንባርቅ የለ እንዴ? ንፋ!"

የዙምባራ ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚገጥመው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። እኔ ሞኙ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ልቤ አብጦ በሰው ተራ ገባሁ። ሙንታሲር ጆሮዬ ሥር መጥቶ "ደባልቄ፣ ያንተን ንፋ፤ የሰው ተው!" አለኝ። በአደባባይ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲህ ያቺን አንዲት ድምፅ ስነፋ ኖርኩ። ትከሻዬ ግን አልታዘዝ አለኝ። የፓዌ ሰፋሪ ልጅ አይደለሁ? ጎረምሳ ሳለሁ ከወላጆቼ ጋር ከወሎ ስንመጣ እስክስታውንም ጭነን መጥተናል። አውስትራሊያ ያለችው የሙንታሲር እህት ኢንቲሳር ቪዲዮአችንን አይታ ደወለችለት።

"ናፍቆቴን ልወጣ ብዬ ብከፍተው! ያ የሚንቀጠቀጠው ወባ ይዞት ነው? የማን ልጅ ነው?"

"የኛ ነው" አላት።

ምን ልበላችሁ፣ አለቀስኩ። "አገርህ የት ነው?" ሲሉኝ "ወሎ" እንዳልል ከወጣሁ ዕድሜዬ ሆነ፤ "ፓዌ" ስል ደግሞ "ዋናውን ንገረን እንጂ" ሲሉኝ ነው የኖርኩት። መልሱን ቅል ውስጥ አገኘሁት።

ታዲያ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ከዛሬ ወዲያ ካልነፋሁ የናንተ ነኝ ወይ? ትናንት ሙንታሲርን "የኔን ማን ይነፋዋል?" አልኩት።

"ማንም። ተራህ ሲደርስ ዝም እንላለን። ሰው 'ማን ጎደለ?' ይላል። 'ደባልቄ' እንላለን።"

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰርግ ላይ ሙሽራው እየጨፈረ ዝም ስትሉበት እግሩ አየር ላይ ሊቀር ነው! አቶ ኦሊያድ፣ ይምጡ መለከቱን ይረከቡኝ። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ መቀመጥ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ይለምዱታል። ለኔ ተራዬን ባዶ ልትተዉልኝ ማሰባችሁ ብቻ በቂዬ ነው።

በሉ፣ ትንፋሽ አይንሳችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይድረሱላችሁ። በቀራችሁበት ቀን ሁሉ "የት ሄደ?" የሚል ሰው አይጥፋላችሁ።

አሜን በሉ እንጂ! ምነው ሙንታሲር፣ አንተን ደግሞ ምን ያስለቅስሃል?