ጭነቱን የለካሁት እኔ ነኝ

ስም፦ ኢብሲቱ ሂርጳ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ ነጋዴ
አድራሻ፦ ኒው ሆፕ፣ ሚኒሶታ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.
ጉዳዩ፦ ሴንት ፖል የባቡር ድልድይ ሥር የደረሰ የመኪና አደጋ

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። በቅዳሜው አደጋ የተጎዱት የጭነት መኪናው ሹፌር አቶ ጎንፋ ሆርዶፋ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ሴንት ፖል ለምከፍተው የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ሲዋርድ ሰፈር ውስጥ አንድ ያገለገለ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዝቼ፣ እንዲያደርሱልኝ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ማቀዝቀዣው ክፍት በሆነው መኪናቸው ላይ ቆሞ ተጫነ። እሳቸው ገመድ ሲያስሩ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ከመሬት እስከ ጫፉ ለካሁ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት መለኪያ ሴንቲሜትር ብቻ ነው ያለው፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ ሆነ። አቶ ጎንፋ "በጫማ ስንት ይሆናል? የድልድዩ የከፍታ ምልክት በጫማና በኢንች ነው" አሉኝ። አንዱን ሜትር በሦስት ጫማ አስቤ "አስራ አንድ አይሞላም" አልኳቸው። ሜትር ከሦስት ጫማ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ትርፉ ጥቂት ነው ብዬ፣ ስለቸኮልኩም ተውኩት። "ሹር ነሽ ልጄ?" አሉኝ። "አዎ፣ ይሂዱ" አልኳቸው።

በራሴ መኪና ከኋላ ተከተልኳቸው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፍጥነት ቀንሰው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ምልክቱን ጠቆሙኝ። አስራ አንድ ጫማ ከአራት ኢንች ይላል። መብራት አብርቼ እንዲያልፉ አሳየኋቸው። ነዳጅ ሰጥተው ገቡ። የማቀዝቀዣው አናት ከድልድዩ ብረት ጋር ተጋጨ፣ ገመዱ ተበጥሶ አስፋልት ላይ ወደቀ። እሳቸው ደረታቸው መሪው ላይ ተመቶ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር። አምቡላንስ ከወሰዳቸው በኋላ የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጬ የጭነቱን ቁመት በስልኬ አሰላሁት። አስራ አንድ ጫማ ከአስር ኢንች ገደማ ነው።

ትናንት ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። "ምልክቱን አላየሁም ብዬ ለፖሊስ ተናግሬአለሁ። አንቺ ገና ሱቅ ልትከፍቺ ነው፤ ዝም በይ" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ግን ሞተር ማስነሳት አቃተኝ። እኚህ ሰው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በመንጃ ፈቃዳቸው ነው።

አቶ ጎንፋ ምልክቱን አይተዋል። አላየሁም ያሉት ለእኔ ብለው ነው። ጥፋታቸው እኔን ማመናቸው ብቻ ነው።

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርኩበት የለም፣ ለራሴ ብዬ ያስቀረሁትም የለም፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ኢብሲቱ ሂርጳ — ፊርማ
አስተርጓሚ፦ ጽጌሬዳ ኃይለማርያም — ፊርማ
ቃሉን የተቀበለው መኮንን — ፊርማ