ጅራቷ የቀጠነ ፍላጻ

እታገኝ ከዛልቃ ወደ ካራንቲና የሚሄደው ሰርቪስ የሚሉት የጋራ ታክሲ ውስጥ ስትገባ፣ ያቀፈችው የእንጨት ዘንግ እስር ከኋላ የተቀመጠችውን ወጣት ጉንጭ ሊወጋ ለጥቂት ተረፈ።

«ፓርዶን ልጄ! ነካሁሽ?» አለች ደንግጣ። ያገሯ ልጅ መሆኗን ከመልኳ አውቃለች።

«ምንም አልሆንኩ እትዬ። ግን ይሄ የፍላጻ ዘንግ አይደለም?»

እታገኝ ዞር ብላ አየቻት። በዚህ የዐረብ አገር ዐሥራ ስድስት ዓመት ይህን እስር ተሸክማ ስትመላለስ፣ ሰው ሁሉ የሺሽ ጠውቅ ዶሮ መጥበሻ እንጨት ነው ወይ እያለ ይጠይቃት ነበር እንጂ በስሙ የጠራው አልነበረም።

«እንዴት አወቅሽው?»

ወጣቷ ነስሪያ ትባላለች። ደሴ ላይ ፊዚክስ ስታስተምር ቆይታ ነው የመጣችው። ሐምራ ከነበረችው ማዳሟ ቤት ከወጣች ወዲህ ዛልቃ ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በሰዓት እያጸዳች ትኖራለች። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት የምታጸዳው ደግሞ የቀስት መለማመጃ አዳራሽ ነው።

«ከካራንቲና የሚመጡትንማ ከሩቅ እለያቸዋለሁ» አለች በንጹሕ ልብ እየሳቀች። «ያኒ፣ ቀጥ ብለው መሄድ ሲገባቸው ጅራታቸውን እየቆሉ ነው የሚሄዱት።»

ምስኪን ልጅ! ከጎኗ የተቀመጠችው የእነዚያ ፍላጻዎች እናት መሆኗን በምን ትወቅ?

እታገኝ ፊቷ ተለዋወጠ። ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። ካራንቲና የምትሠራበት የፍላጻ ወርክሾፕ ባለቤት ሙሲዮ ጆርጅ ባለፈው ሳምንት፣ አዳራሹ አንድ ጊዜ ደግሞ ፍላጻ ከመለሰብኝ የእንጨቱን ሥራ ዘግቼ ከውጭ የመጣ እሸጣለሁ ብሏል። በዚያ ሥራ የሚተዳደሩ አራት ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸውም ወደ ሰው ቤት ተመልሰው በር እንዲቆለፍባቸው አይፈልጉም።

«ስሚ ልጄ፤ እነዚያን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ከራሳቸው እስከ ጅራታቸው እኩል ናቸው። ለዐሥራ ስድስት ዓመት አንድም ጠማማ ዘንግ ከእጄ አልወጣም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ አላወቅሁም። ጠማማ ናቸው አላልኩም። ችግሩ ወላሂ እኩልነታቸው ነው።»

«እኩልነት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?»

ነስሪያ ከአስቤዛ ፌስታሏ አንድ ዘለላ ስፓጌቲ መዝዛ በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ገፋችው። ስፓጌቲው ጎበጠ።

«ገመዱ ሲለቀቅ ፍላጻዋን ከኋላ ይገፋታል። ራሷ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ባለሁበት ልቆይ ይላል። መሐሏ ምን ታድርግ? ትጎብጣለች። ወዲያው ተመልሳ በሌላው ጎን ትጎብጣለች። እንደ ዓሣ እየተጣጠፈች ነው ቀስቱን የምታልፈው።»

«እንጨት ዓሣ ሆነ በይኛ!»

«ዐይናችን አይደርስበትም እንጂ ነው። የአዳራሹ አሠልጣኝ በስልክ ቀርጻ ቀስ አድርጋ ስታሳይ አይቻለሁ። ጅራቷ ወፍራም ከሆነ ስትወጣ ቀስቱን ትመታለች፤ ከተመታች ደግሞ መንገዷን ሁሉ ስትወላገድ ትሄዳለች። ጅራቷ ቢቀጥን ግን ሳትነካ ታልፋለች፤ ክብደቷም ወደ ፊት ስለሚያደላ ላባው በቀላሉ ያቃናታል።»

ሾፌሩ «ሹ ፊ? ምን ተፈጠረ?» ብሎ በመስተዋቱ አያቸው። ሁለት ሴቶች በአንድ ስፓጌቲ ሲጣሉ ያየ መስሎታል።

«እኔን ያስተማረኝ ተገኘ የሚባል አናጢ ነው» አለች እታገኝ ኮስተር ብላ። «እኩል ያልሆነችውን ጣላት ብሎኛል። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ለምን እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ያስተማረሽን ሰው ለምን ትይዋለሽ?»

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የተነገረንን አጥብቀን እንይዛለን፤ የተነገረበትን ምክንያት መጠየቅ ግን ድፍረት ይመስለናል። ደግነቱ እታገኝ ኩራት ቢኖራትም ክፋት አልነበረባትም። ካራንቲና ሲደርሱ የነስሪያን ክንድ ያዘች።

«ያላ፣ ውረጂ። አፍሽን አይቻለሁ፤ እጅሽን ደግሞ ልየው።»

ነስሪያ በዚያ ቀን የሦስት ዘንጎችን ጅራት በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አቀጠነች፤ እታገኝም ብረትና ላባ ገጠመችላቸው። በማግሥቱ የጽዳቷ ቀን ስለነበር ሁለቱም ማልደው አዳራሹ ሄዱ፤ አሠልጣኟም ቀስቷን አነሣች። መጀመሪያ የእታገኝን ሦስት ወረወረች። ፍላጻዎቹ እየተወላገዱ ሄደው ዒላማው ላይ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተሰኩ።

ቀጥሎ የነስሪያ ሦስት ሆነ። እነሱ ባሱ! ሁለቱ ከዒላማው ጠርዝ ላይ ቀሩ፤ ሦስተኛው ጭራሽ አልፎ መረቡ ውስጥ ተንጠለጠለ።

ነስሪያ አንገቷን ደፋች። «በቃ፣ ተሳስቻለሁ እትዬ። መጽሐፍ ሌላ፣ እንጨት ሌላ።»

እታገኝ ልትስቅባት ትችል ነበር፤ አፏም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ቀርቷል።

«ቆይ» አለች። «የእኔዎቹ ሲወጡ ቀስቱን 'ቀጭ' እያደረጉ ነው የወጡት። ሦስቱም። ያንቺዎቹ ስተዋል፤ ድምፅ ግን አላሰሙም። እስቲ አምጪያት።» መረቡ ውስጥ የገባችውን ተቀብላ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ዳሰሰቻት። «ከየት ጀምረሽ ነው የላግሽው?»

«ከግማሿ።»

«ወገቧን ሰብረሻታላ! ልፍስፍስ ብላ የት ትድረስ? ወገቧ ጽኑ ሆኖ ጅራቷ ብቻ ይቅጠን ካልሽ፣ ከመጨረሻው አንድ ስንዝር ይበቃታል። እሱንም እያዞሩ፣ ቀስ በቀስ፤ እንደ አይጥ ጅራት።»

ነስሪያ ቀና ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ታዲያ አመኑኝ ማለት ነው?»

«ጆሮዬን ነው ያመንኩት። እሱ ደግሞ ከአንቺ ጋር ነው።»

ዕውቀት ያለ እጅ አንካሳ ነው፤ እጅም ያለ ዕውቀት ዕውር። ሁለቱ ሴቶች በሚቀጥሉት ቀናት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሠሩ። አንዷ ስትመዝን አንዷ ትልጋለች፤ አንዷ ስታብራራ አንዷ «እሱንስ እንጨቱ እሺ አይልሽም» ትላለች። ሲከራከሩ ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይስቁ ነበር።

ስድስት ፍላጻ ይዘው ሲመለሱ ሙሲዮ ጆርጅም አብሮ መጣ። አሠልጣኟ አንድ በአንድ ወረወረቻቸው። አንድም ድምፅ የለም። ስድስቱም በአንድ መዳፍ ሊሸፈኑ በሚችሉበት ቦታ ላይ ተጠጋግተው ተሰኩ። እታገኝ እልልታዋን ስትለቀው አዳራሹ አስተጋባ፤ አሠልጣኟም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ እልል ለማለት ሞከረች፤ ይበልጥ ተሳቀ።

ሙሲዮ ጆርጅ ፍላጻዋን ነቅሎ እያገላበጠ፣ «ብራቮ እታገኝ! ይህን ከየት አመጣሽው?» አለ።

ዝም ብላ ምስጋናውን መቀበል ትችል ነበር። ነስሪያም ከነመጥረጊያዋ ዳር ቆማ ነበርና ማንም አላያትም። እታገኝ ግን ሄዳ እጇን ይዛ ጎትታ አመጣቻት።

«የእኔ አይደለም ሙሲዮ። ይቺ ናት ያመጣችው። እኔ የምሠራው እሷም ከሠራች ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነስሪያ በወርክሾፑ ቋሚ ሥራ አገኘች። አዳራሹ የእንጨት ፍላጻ መመለሱን ተወ፤ ሥራውም ሳይዘጋ ቀረ፤ ይልቁንም ሰፋ። ሩቅ መወርወር ለሚወዱ ሰዎች ደግሞ ሁለቱ ሌላ ዓይነት አወጡ፤ ሆዷ ደልደል ያለ፣ ራሷና ጅራቷ የቀጠነ፣ ቀላል ሆና ሳትልፈሰፈስ ርቃ የምትበር። ከነስሪያ ጋር ክፍል የተከራዩት ሴቶችም በየተራ እየመጡ ሙያውን መማር ጀመሩ።

ከእነዚህ አንዷ፣ ቀፀላ የምትባል ፈራ ተባ የምትል ልጅ፣ በሁለተኛ ቀኗ እየተሽኮረመመች፣ «እትዬ፣ ግን ለምን አንድ ስንዝር ሆነ? ለምን ሁለት አይሆንም?» ብላ ጠየቀች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። እታገኝ መላጊያዋን አስቀምጣ፣ ሁለት ዘንግ መርጣ እጇ ላይ አኖረችላት።

«አንዷን በአንድ፣ አንዷን በሁለት አድርገሽ ሥሪያቸው። ነገ አብረን ሄደን እናስወረውራለን፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»