በቀይ የተሰመረበት ጥፊ

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራዩት ጋሼ አበራ «ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አንቺም እዚያ ስለነበርሽ ትወጂዋለሽ» ብለው አንድ ልብ ወለድ ሰጡኝ። መታወቂያዬን አስይዤ ወሰድኩት። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጬ የመጣሁት አንድ የተመሰገነ ተማሪ «እወድሻለሁ» እያለ ስለደበደበኝ መሆኑን ማን ያውቃል? ለቤተሰብ «አሞኝ ነው» ነበር ያልኩት። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ላቤን እየጠረግሁ አነበብኩት። ካፖርት ለባሹ ጀግና ግጥም ያነበንባል፤ ደግሞ ፍቅረኛውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጥፊ ያጮላታል። ደራሲው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከፍቅሩ ብዛት!» ደሜ ፈላ። ይባስ ብሎ አንዱ ተከራይ ጥፊው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት፣ ዳር ላይ «መወደድ እንዲህ ነው!» ብሎ ጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄን የጻፈው ማን ነው?» አልኳቸው መጽሐፉን ስመልስ። መነጽራቸውን አድርገው አዩና ሳቁ። «ታናሽ እህትሽ ናታ! ሁለት ጊዜ ተከራይታዋለች።»

እስክሪብቶ ለመንኳቸውና ከእህቴ ጽሑፍ ሥር «እኔን ያመመኝ ይሄ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜንም ጨመርኩበት። ሦስተኛ ጊዜ መከራየቷ አይቀርም።