ሽማግሌው ጫማቸውን እስኪያደርጉ

— ሄሎ... ወዓለይኩም ሰላም፣ ወንድም ሲራጅ። ሱማያ? ደህና ናት፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ጭንቅላት እየሳለች ነው... ምነው ድምፅህ?

ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የቅዳሜ ተማሪዎቿን ስለ አእምሮ የምታስተምረው ሳሚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። የሱማያ አባት ሲራጅ የሚደውለው ባጃጁን ይዞ ከሚቆምበት ከኤርፖርት በር ነው። ከንጋት ጀምሮ ተራ ሲጠብቅ፣ ድሬዳዋ ያደገው ሌላው ባጃጅ ነጂ ጉሌድ ተሳፋሪውን ነጥቆት ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ተመልሶ ባጃጁን ተደግፎ ያፏጫል።

— በእጅህ ምን ይዘሃል?... የጎማ መፍቻ። ጎማ ፈነዳብህ?... እ፣ አልፈነዳም። ስማኝ፣ የተደባደበ ከተራ ይሰረዛል ያልከኝ አንተ አይደለህ? ሱማያን በምን ልታሳድግ ነው?... ቆይ አንዴ። ልጆች፣ ዝም በሉ። ቆመሃል? ተቀመጥ።

...

— ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ዘበኛ አለ። ኮሽ ሲል ዱላውን ይዞ ብድግ ይላል፤ ክፋት የለበትም፣ ሥራው ነው። ግንባራችን ጋ ደግሞ ነገር የሚያመዛዝኑ ሽማግሌ አሉ። ግን ያው ሽማግሌ ናቸው፣ ቶሎ አይደርሱም... አዎ፣ አንተም ጋ አሉ። ሱማያ ናት ያለችው፣ እኔ ምን አውቃለሁ... በአፍንጫህ ቀስ ብለህ አየር ሳብ። ጫማቸውን እየፈለጉ ነው... ልቀቅ። አንዱን አገኙ... ሳብ። ወጡ። ሽርጣቸውን ነፋስ ይዞባቸዋል... ልቀቅ። ፍየሎች መንገድ ዘጉባቸው። አይቸኩሉም። ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ፣ የልጅ ልጁን ሳይቀር ይጠይቃሉ...

ድምፅዋ እየለዘበ ሄደ። ከቆርቆሮው በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ያው አውሮፕላን በስልኩ ውስጥ ሲያርፍ ሰማችው። ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ከሽማግሌው ጋር እኩል ይተነፍሳሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል።

— ሲራጅ... ትሰማኛለህ? መፍቻውስ?... ወንበር ስር። አልሃምዱሊላህ... ማን? ጉሌድ አጠገብህ ተቀምጧል? ድምፁን ለሰው ሁሉ ከፍተኸዋል እንዴ?... ምን አለ?

ጉሌድ የጠየቀው ሽማግሌው የት እንደደረሱ ነበር። ይህን ሳሚያን ዩኒቨርሲቲም አላስተማራትም። ሱማያ ተነስታ በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

— ደርሰው ነበር... ግን ከዘራቸውን ረስተው ተመለሱ። እስኪመጡ ከተቀመጣችሁባት ጥላ እንዳትነሱ፣ ሁለታችሁም... ተሳፋሪ መጣ? ተራው የማን ነው?... የሲራጅ ነው ያለው ማን ነው?... ጉሌድ ራሱ?

ወዲያ ማዶ የባጃጅ ሞተር ተነሳ።

— እንግዲያው ሽማግሌው በአቋራጭ ደርሰዋል... ሂድ፣ ሂድ፣ ሰውየው እንዳይጠብቅህ። በሰላም።

ስልኩ ተዘጋ። ሱማያ ወደ ሥዕሏ ተመልሳ ከግንባሩ ሥር አንዲት ትንሽ ከዘራ ጨመረች።